ቁልፉን ከመስጠትዎ በፊት መንጃ ፈቃዱን ይጠይቁ

የሞተር ሳይክል ሥራ ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። ካፒታል ያለው ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሞተር ይገዛል፤ ለወጣቶች ይሰጣል፤ ወጣቶቹም በየማታው ወይም በየሳምንቱ ገቢ ያስገባሉ። ባለሀብቱ በደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ ያሰምራል። የመጀመሪያው የግዢ ዋጋ፣ ሁለተኛው ገቢ፣ ሦስተኛው የጎማ፣ የዘይትና የመለዋወጫ ወጪ ነው። ከሦስቱ ተነስቶም ገንዘቡ በስንት ወር እንደሚመለስለት ያሰላል።

አራተኛ ዓምድ ግን በብዙዎቹ ደብተሮች ላይ አይገኝም። ይኸውም "ሞተሩ ሰው ቢገጭስ?" የሚለው ነው። በገበያው ውስጥ የተለመደው አስተሳሰብ አደጋው የነጂው ነው፣ ባለቤቱ ቢበዛ የሚያጣው ሞተሩን ነው የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ በሕግ ፊት አይጸናም። ሞተር ገዝተው የሚያሠሩ፣ ዕቃቸውን በሞተር የሚልኩ፣ ሞተር የሚያሻሽጡ ሁሉ ይህን ዓምድ ሳይሞሉ "አዋጭ ነው" ማለታቸው ሒሳቡን በግማሽ መተው ነው።

እገዳው ያስተማረው

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ እገዳ መጣሉ ይታወሳል። የተሰጠው ምክንያት በሞተር እየታገዘ የሚፈጸም ቅሚያና ዘረፋ በዝቷል የሚል ነበር። ከእገዳው ውጭ የሆኑት በልዩ ሁኔታ የተፈቀደላቸው ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በምዝገባና በፈቃድ እየተመለሰ መጥቶ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ሰነድና ሸቀጥ የሚያደርሱ ሞተሮች የከተማዋ ንግድ አካል ሆነዋል።

እገዳው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ለነጋዴው የሚጠቅመው ትምህርት ሌላ ነው። ማን ምን እንደሚነዳ በማይታወቅበት ገበያ ውስጥ ጨዋውና ሌባው፣ ጥንቁቁና ግዴለሹ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። መንግሥትም ለይቶ መቅጣት ሲያቅተው ሁሉንም በጅምላ ያቆማል። መንጃ ፈቃድ፣ ታርጋ፣ ሊብሬና የሥራ ፈቃድ ጨዋውን ከግዴለሹ የሚለዩ መረጃዎች ናቸው። መረጃው የተሟላ በሆነ መጠን የጅምላ እገዳ ምክንያት ይቀንሳል፤ መረጃው በተጓደለ መጠን ደግሞ ሥርዓት ጠብቆ የሚሠራው ሰው የሌላውን ዕዳ ይከፍላል።

የጅምላው አሠራር ጨርሶ አልቀረም። ለአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤና ለአንዳንድ ትላልቅ በዓላት ሰሞን በአዲስ አበባ የሞተር እንቅስቃሴ ለቀናት ሲታገድ በተደጋጋሚ ታይቷል። ዓመቱን ሙሉ በ30 ቀን እያባዛ ገቢውን የሚያሰላ ባለሞተር እነዚህን ቀናት ከወዲሁ ቢቀንስ ይበጀዋል።

ባለቤቱ ለምን ይጠየቃል?

ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ላይ የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ጉዳቱን ያደረሰው ተሽከርካሪውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። አንቀጹ ለባለቤቱ የሚከፍትለት በር ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበረ ማስረዳት ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እናስተውል። ሞተሩን የሰጡት ወጣት ለምሳ ሲወርድ ቁልፉን ለጓደኛው ቢሰጥና ጓደኛው መንገድ የምታቋርጥ እናት ቢገጭ፣ ባለቤቱ "ልጁን አላውቀውም፣ አልፈቀድኩለትም" ማለቱ አያዋጣውም። የከፈለውን ከጥፋተኛው ለማስመለስ መሞከር ይችል ይሆናል። ነገር ግን ከሞተሩ በስተቀር ንብረት ከሌለው ወጣት ምን ይገኛል? ካሳ ጠያቂው ወደ ባለቤቱ የሚሄደውም ለዚሁ ነው።

አንቀጽ 2084 ደግሞ የሁለት ተሽከርካሪዎችን ግጭት ይመለከታል። ጥፋቱ የአንደኛው አሽከርካሪ ብቻ መሆኑ ካልተረጋገጠ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመታል፤ የሁለቱም ባለቤቶች የጉዳቱን ጠቅላላ መጠን በየግማሽ ይሸከማሉ። ሞተር ርካሽ ነው፣ የተጋጨው መኪና ግን ውድ ሊሆን ይችላል። የባለሞተሩ ግማሽ የሚሰላው ከጠቅላላው ጉዳት እንጂ ከሞተሩ ዋጋ አይደለም።

ሦስተኛ ወገንና ገደቡ

"ኢንሹራንስ አለኝ" የሚል መልስ ይነሳ ይሆናል። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ያለ እርሱ መንቀሳቀስም ያስቀጣል። ይሁን እንጂ ግዴታው ገደብ አለው። የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ያስቀመጠው ከፍተኛ መጠን ለሞት 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳትም 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም ምን ያህል እንደወረደ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በተለይም ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ሶማሌ ተራ የሄደ ሁሉ ያውቃል። ከመድኑ በላይ የሆነው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ባለቤቱን ሊያስጠይቅ ይችላል።

ለስሌት ያህል አንድ ሞተር ወጪው ተቀንሶ በቀን 400 ብር ያስገባል እንበል። በወር 25 ቀን ቢሠራ 10,000 ብር፣ በዓመት 120,000 ብር ይሆናል። ዕድሜ ልኩን መሥራት ለማይችል ተጎጂ 600,000 ብር ካሳ ቢፈረድና መድኑ 40,000 ብር ቢሸፍን፣ ቀሪው 560,000 ብር የዚያ ሞተር የ4 ዓመት ከ8 ወር ገቢ ነው። አኃዞቹ የአንባቢ ደብተር ላይ ሊለያዩ ይችላሉ፤ የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው።

መንጃ ፈቃዱ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። የተሽከርካሪ የመድን ውል አሽከርካሪው ለሚነዳው የተሽከርካሪ ዓይነት የተሰጠና የጸና መንጃ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ይህ ሳይሟላ በሚደርስ አደጋ ባለቤቱ ለራሱ ሞተር ከመድን ድርጅቱ ገንዘብ አገኛለሁ ብሎ ባይጠብቅ ይሻለዋል። ዓረቦን ከፍሎ ፈቃድ ለሌለው ሰው ቁልፍ መስጠት የከፈሉበትን ወረቀት በገዛ እጅ እንደመቅደድ ነው።

የመኪና መንጃ ፈቃድ ለሞተር?

በቀድሞው አሠራር መንጃ ፈቃድ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ በደረጃ ሲቆጠር "አንደኛ" የሚባለው የሞተር ሳይክል ነበር። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010ም ፈቃዱን በተሽከርካሪ ዓይነት ይከፋፍላል፤ ሞተር ሳይክል ራሱን የቻለ ምድብ ነው። ስለዚህ "መንጃ ፈቃድ አለህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ጥያቄው "የሞተር አለህ ወይ?" መሆን አለበት። መኪና መንዳት የሚችል ሰው በሁለት ጎማ ላይ ሚዛን መጠበቅ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን መያዝና ከጭነት መኪና ጎን መሸሽ ይችላል ማለት አይደለም።

ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። አጥፊው በግልጽ የተደነገገን ሕግ ወይም ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ፣ ሰክሮ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ከሆነ፣ ወይም የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራትና የገንዘብ መቀጮ ነው። አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ፈቃድ ሳይኖረው ሥራ ስለጠፋ ብቻ ሞተር ላይ ሲወጣ ይህን ሁሉ አንብቦ አይደለም። የሚያሠራው ነጋዴ ግን ማንበብ ይችላል።

ቆቡና ዋጋው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በ2021 በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ቁጥር 1.19 ሚሊዮን መሆኑን ገልጿል። ከመቶ 21 ያህሉ በባለ ሁለትና በባለ ሦስት ጎማ ሞተር የሚጓዙ ነበሩ። በሞተር አደጋ የሚገድለው በዋናነት የጭንቅላት ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ እንዳመለከተው ሄልሜት የመሞትን አደጋ ከመቶ በ42፣ የጭንቅላት ጉዳትን ከመቶ በ69 ይቀንሳል። በማንኛውም ገበያ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል ጥቅም የሚሰጥ ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል።

በአገራችን የትራፊክ ደንብም ሄልሜት ግዴታ ነው። ደንብ መውጣቱና መተግበሩ ግን ለየቅል ነው። በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ሞተር እንደ አሸዋ የበዛባት ቬትናም ናት። ቬትናም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 15 ቀን 2007 ጀምሮ በሁሉም መንገዶች ላይ ነጂውም ተሳፋሪውም ሄልሜት እንዲያደርግ አስገደደች፤ ፖሊስም በዕለቱ ቁጥጥሩን ጀመረ። የአድራጊው ቁጥር ወዲያው ከመቶ 90 በላይ ደረሰ። ከአዋጁ በፊትና በኋላ ያሉትን ሦስት ሦስት ወራት ያነጻጸረ በ20 ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት የጭንቅላት ጉዳት አደጋ ከመቶ 16፣ የሞት አደጋ ከመቶ 18 መቀነሱን አሳይቷል።

ይሁንና ገበያው ቀዳዳ አላጣም። ከትራፊክ ፖሊስ ለማምለጥ ብቻ የሚገዛ፣ ደረጃውን ያልጠበቀ ስስ ቆብ በርካሽ ተቸበቸበ። የአገጩን ማሰሪያ ሳይቆልፍ የሚነዳውም ብዙ ነበር። ሕጉ በሕፃናት ላይ ግልጽ ቅጣት ባለማስቀመጡ ወላጅ ሄልሜት አድርጎ ልጁን ባዶ ራሱን ይጭን ነበር፤ ይህ የተስተካከለው በ2010 ነው። ለእኛ ነጋዴዎች ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሄልሜት የሚያስመጣ ሰው የሚሸጠው ጌጥ አይደለም። የሚገዛውም በቅጣት ፍርሃት ብቻ ከገዛ የሚያገኘው ለፖሊስ የሚታይ እንጂ ጭንቅላት የሚያድን አይሆንም።

ቁጥጥሩ ከየት ይጀምር?

የትራፊክ ቁጥጥራችን ዓይኑ ነጂው ላይ ነው። ነጂው ይቆማል፣ ነጂው ይቀጣል፣ በመንጃ ፈቃዱም ላይ የጥፋት ነጥብ ይያዝበታል። ይህ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ነጂው ለምን እንደሚፈጥን መጠየቅም ያስፈልጋል። ክፍያው በደረሰው ዕቃ ቁጥር ከሆነ፣ ዕለታዊ ገቢውም ዝናብ ቢዘንብ ባይዘንብ የማይቀነስ ከሆነ፣ ቀይ መብራት ላይ መቆም ከኪሱ የሚወጣ ወጪ ይሆንበታል። ፍጥነቱ የሚያስገኘውን ትርፍ ባለቤቱና ደንበኛው ይካፈላሉ፤ አደጋውን ግን ነጂውና መንገደኛው ይሸከሙታል። በመዲናችን በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውንም መዘንጋት አይገባም።

ስለዚህ ቁጥጥሩ ከአደባባዩ በፊት በነጋዴው ቢሮ ሊጀምር ይችላል። አንደኛ፣ ቁልፍ ከመስጠት በፊት የሞተር ምድብ ያለው፣ ዘመኑ ያላለፈበት መንጃ ፈቃድ በዋናው ማየትና ፎርጅድ አለመሆኑን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ማጣራት። ሁለተኛ፣ ሞተሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ሥራ እንደሚያሳጣ በጽሑፍ መዋዋል። ሦስተኛ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑና የዓመት ምርመራው ቀን ከማለፉ በፊት ማሳደስ። አራተኛ፣ ሁለት ሄልሜት ከሞተሩ ጋር መግዛትና ዋጋውን ከካፒታሉ መቁጠር። አምስተኛ፣ ገቢውን በፍጥነት ላይ ብቻ አለመመሥረት፤ ያለ ቅጣት ወሩን ለጨረሰ ነጂ ጥቂት ጉርሻ መጨመር ከአንድ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይረክሳል።

ለደላሎችና ለሻጮች

በመጨረሻም ለአሻሻጮች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ስም ለማዞር የሚከፈለውን ወጪ ለመሸሽ ሞተርን በውክልና መሸጥ በገበያው የቆየ ልማድ ነው። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ስሙ ግን ሊብሬው ላይ ይቀራል። ሞተሩ ከሦስትና ከአራት እጅ በኋላ አደጋ ቢያደርስ፣ ካሳ ጠያቂው መጀመሪያ የሚያነበው ሊብሬውን ነው። ሻጩም ከዓመታት በኋላ መጥሪያ ሲደርሰው ሞተሩን መሸጡን የማስረዳት ጣጣ ውስጥ ይገባል። "ተሰርቆብኝ ነበር" እንዳይል ራሱ ሸጦታል። ለስም ማዞሪያ የዳነችው ገንዘብ የጠበቃ ክፍያ አትሸፍንም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አዲስ አዋጅ አይደለም። ነገ ጠዋት ሞተር የሚያስረክብ ባለሀብት እጁን ወደ ቁልፉ ከመስደዱ በፊት የነጂውን መንጃ ፈቃድ ተቀብሎ ምድቡንና ቀኑን ያንብብ። ካልተሟላ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይቆይ። የአንድ ቀን ገቢ ቢቀርበት አራተኛውን ዓምድ በርካሽ ሞላው ማለት ነው።