ልጄ ቀለም የምትቀባው ፊደል

ልጄ ስድስት ዓመት ልትሞላ ሰሞን የልደቷን ባነር እኔው ላሰናዳ አልኩ። ማርኬቲንግ ውስጥ ለምትሠራ እናት ባነር ምን ያቅታል? የመረጥኩት ፎንት ለንድሪና አውትላይን ይባላል። ብራዚላዊው ዲዛይነር ማርሴሎ ማጋልሃይስ ከሳኦ ፓውሎ ጎዳናዎች ተነስቶ የሠራው ነው፤ ከጎግል ፎንትስ በነፃ ይወርዳል። ጠርዙ ብቻ ተስሎ ሆዱ ባዶ የቀረ፣ ልጅ በእጇ የሳለችው የሚመስል ወጣ ገባ ያለ ፊደል።

«ሃፒ በርዝዴይ» የሚለው አማረ። ከሥሩ «መልካም ልደት» ብዬ ስጽፍ ግን ድርቅ ያለ የደብዳቤ ፊደል መጣ። ፎንቱ የተሠራው ለላቲን ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩ የጎደለውን ከሌላ ፎንት ይተካል። ልጄ ስክሪኑን አየችና «እማዬ፣ የአማርኛው ለምን አይጫወትም?» አለችኝ።

ቆረቆረኝ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ከካርቱን፣ ከቲሸርት፣ ከብስኩት ማሸጊያ ላይ ትለቅመዋለች፤ ሀ ሁ ግን ለእሷ የቤት ሥራ ነው። በፎንት ሠሪዎች አልፈርድም። ላቲን ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ነው፤ የእኛ 33ቱ በሰባት ሲባዛ ዲቃሎቹን ሳይጨምር 231 ይደርሳል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ በእጅ መሳል ነው እንግዲህ!

እኛ የሚያስፈልጉን ሰባት ፊደሎች ብቻ ስለነበሩ ትልቅ ወረቀት ዘርግተን ተቀመጥን። መጀመሪያ በእርሳስ እንደ ወትሮው ጻፍን፤ ከዚያ የእርሳሱን መስመር በግራም በቀኝም እኩል እየራቅን በማርከር ዙሪያውን ከበብነው። ማርከሩ ሲደርቅ እርሳሱን በላጲስ ማጥፋት ነው። (ሳይደርቅ የቸኮለ ያበላሻል፤ እኔ ቸኩያለሁ።)

የመጀመሪያውን ሙከራ ባለቤቴ አይቶ «ለደት ምንድን ነው?» አለ። ልን ከለ የምትለየዋ ትንሽ ምልክት በሁለቱ መስመሮች መሃል ጠፍታ ነበር። የአማርኛ ፊደል ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ሱ እና ሲን የሚለያቸው በቀኝ እግራቸው ላይ ያለው ቅጥያ መሃል ወይም ግርጌ መሆኑ ብቻ ነው። ሆዱ ባዶ ሲሆን እያንዳንዱ ጭረት ሁለት መስመር ይሆናል፤ ፊደሉ ካነሰ መስመሮቹ ይጣበቁና ቅጥያው ይዋጣል። ስለዚህ በሁለተኛው ሙከራ እያንዳንዱን ፊደል ከስንዝር አሳነስን ብለን እምቢ አልን፤ ቅጥያዎቹንም ሆን ብለን አወፈርናቸው። እንዲህ ያለ ፊደል ለርዕስ፣ ለፖስተር፣ ለልጆች ክፍል በር ነው እንጂ ለረጅም ጽሑፍ አይሆንም። ፎቶ ላይ ከተጻፈም ቀጭኑ ጠርዝ አይታይም።

የልደቱ ቀን ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ከለሮቹን ከሥሩ አስቀመጥን። ልጆቹ ኬኩን ትተው እዚያ ተሰለፉ። ልጄ መን መረጠች። የመ ሁለቱ ቀለበቶች መሃላቸው ነጭ መቅረት ነበረበት፤ እሷ ግን አንዱን ሮዝ፣ አንዱን ሰማያዊ ሞላችው። አያቷ ቀረብ ብለው አዩና «ይቺ መ መነጽር አድርጋለች» አሏት።