በእግርና በቀይ አፈር መካከል ያለ ጂን

ጎጃም ገጠር ሁለት ወንድማማቾች አንድ ማሳ በባዶ እግራቸው እያረሱ ያድጋሉ። ከዓመታት በኋላ የአንዱ እግር ከታች ጀምሮ ያብጣል፤ ሌላው ምንም አይሆንም። አፈሩም ሥራውም አንድ ሆኖ ሳለ እንዲህ የሚለያያቸው ምንድን ነው? የመልሱ አንድ ክፍል የተገኘው ስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ኤችኤልኤ በሚባሉት ጂኖች ዘንድ ነው።

በሽታው አገሬው ዝሆኔ፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ነው። ዝሆኔ ሲባል በትንኝ የሚተላለፈው የትል በሽታ ወደ ሐሳብ ይመጣል፤ የደጋው ዝሆኔ ግን ትልም ትንኝም የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረጉት ምርምር በሽታውን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር ጋር አያያዙት። የማዕድን ብናኝ በእግር ቆዳ ዘልቆ የሊምፍ ቱቦዎችን ያስቆጣል፤ ቱቦዎቹ ሲጠቡ ፈሳሹ መውጫ ያጣል። ከፍታውና ዝናቡ የማይጎድለው ጎጃም ለዚህ የተመቸ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች የተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው አግኝቷል።

ወደ ጂኖቹ እንመለስ። ዲአርቢ1፣ ዲኪውኤ1 እና ዲኪውቢ1 የሚባሉት የኤችኤልኤ ጂኖች የሚያሠሯቸው ፕሮቲኖች በሰውነት መከላከያ ሴሎች ላይ ይቀመጣሉ። ሴሉ ያገኘውን ባዕድ ነገር ቆራርጦ ሲያበቃ፣ ፕሮቲኑ ከቁራጩ አንዱን ይዞ፣ ነጋዴ ከጆንያው እህል ቆንጥሮ ለገዢ እንደሚያሳይ፣ ቲ ሴል ለሚባሉት ወታደሮች ያቀርባል። እነሱም ዝም ይላሉ ወይም ይዘምታሉ። የጂኖቹ ቅርጽ ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል፤ ስለዚህ አንዱ ሰውነት በቸልታ የሚያልፈውን ሌላው ይቆጣዋል።

በሽታው በቤተሰብ እንደሚሄድ ሕዝቡ ከሳይንስ በፊት ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ጌይል ዴቪና ባልደረቦቿ ወላይታ ውስጥ ባደረጉት ጥናት የታማሚ ወንድምና እህት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ሆነ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለ የመራው ቡድን የ194 ታማሚዎችንና የ203 ጤነኞችን ዲኤንኤ አመሳክሮ ልዩነቱ ኤችኤልኤ ላይ እንደሚገኝ አስታወቀ። ያኔ የተመረመሩት ወላይታዎች ብቻ ነበሩ። በ2021 የታተመው ሁለተኛው ምርመራ አማራንና ኦሮሞን ጨምሮ 1,892 ሰዎችን አሳተፈ፤ ልዩነቱም እዚያው ቦታ ላይ ታየ። ለጎጃም አንባቢ ትልቁ ዜና ይኼኛው ነው።

ነገር ግን «የዘር ነው» የሚለው ቃል ገጠር ሲገባ ከባድ ነው። ትዳር ሲታሰብ ዘር በሚቆጠርበት አገር፣ ያበጠ እግር ያለበት ቤት ልጅ ሳይታጭ ሊቀር ይችላል፤ ይህ ግፍ ነው፣ በሳይንስም አይደገፍም። ጂኑ ብቻውን እግር አያሳብጥም። ቅርጹን ወርሶ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ፣ እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ሰው በሽታውን ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። ጫማ ሲባል እግርን የሚሸፍን ማለት ነው፤ በረባሶ ከድንጋይና ከእሾህ ያድናል እንጂ ብናኙን አይከለክልም።

ለታመመውም ተስፋ አለ። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ ነበር። እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ወዲያው የተሰጣቸው ሰዎች በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ትኩሳትና ጥዝጣዜ ያለው ግርሻ ሲያገኛቸው፣ ተራ ይጠብቁ የነበሩትን 23.9 ጊዜ አግኝቷቸዋል። ግርሻው ሲነሣ ታማሚው ተኝቶ ይውላል፤ ከአራት ጊዜ በላይ የሆነው ልዩነት በእርሻና በአጨዳ ወቅት በሥራ ላይ የሚውሉ ቀኖች ናቸው።