ባለሙያዋ ጆርጂያ ጊልሞር

በእድራችን ድግስ ወጥ ቤቱን የማስተባብር ሴት ስለሆንኩ፣ ስለ አንድ ትልቅ ትግል ሳነብ ቀድሜ የምጠይቀው ወጪውን ማን እንደቻለው ነው። የሞንትጎመሪውን የአውቶቡስ አድማ ሳነብም ይኸው ጥያቄ ወደ ወይዘሮ ጆርጂያ ጊልሞር ወጥ ቤት ወሰደኝ።

የአድማውን አጀማመር ብዙዎቻችን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955 በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ ሮዛ ፓርክስ መቀመጫዬን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብለው ታሰሩ። በዚያው ሌሊት የኮሌጅ መምህርቷ ጆ አን ሮቢንሰን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአድማ ጥሪ ወረቀቶች ሲያባዙ አደሩ። አድማው ዲሴምበር 5 ተጀመረ።

ጥቁሮቹ አውቶቡስ ከተዉ በምን ይሂዱ? ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ በነጮች ቤት ምግብ የሚያበስሉ፣ ልብስ የሚያጥቡና ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ በእግራቸው ተጓዙ። ለሌሎቹ ወደ 300 የሚጠጉ መኪኖች ተመደቡ። መኪና ደግሞ ቤንዚን፣ ጎማና ጥገና ይፈልጋል።

ወይዘሮ ጆርጂያ የምግብ ቤት ሠራተኛና የስድስት ልጆች እናት ነበሩ። ከጓደኞቻቸው ጋር 14 ዶላር አዋጥተው ዶሮ፣ ዳቦና ሰላጣ ገዙ፤ ሳንድዊች ሠርተውም ለአድማው ስብሰባ ለመጣው ሕዝብ ሸጡ። ቀጥሎ የተጠበሰ ዶሮ፣ ኬክና ሙሉ ምሳ መጣ። በጸጉር ቤቱ፣ በልብስ ማጠቢያውና በታክሲ ተራው እየዞሩ ሲሸጡ ከነጮችም የሚገዛ አልጠፋም።

ማኅበራቸውን «ከየትም ያልሆነ ክበብ» አሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለአድማው ማዋጣቷ የታወቀባት ሠራተኛ ከሥራ ትባረራለች። ገንዘቡ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ከየትም» ነበር። ማን እንዳበሰለና ማን እንደገዛ የሚያውቁት ወይዘሮ ጆርጂያ ብቻ ነበሩ። በየስብሰባው ተነስተው የተሰበሰበውን ሲያስረክቡ ሕዝቡ በጭብጨባ ይቀበላቸዋል።

እሳቸው ግን ራሳቸውን አልደበቁም። እ.ኤ.አ. በ1956 የአድማው መሪ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲከሰሱ ፍርድ ቤት ቆመው መሰከሩ፦ አንድ ሾፌር ሂሳብ ከተቀበላቸው በኋላ ወርደው በኋለኛው በር እንዲገቡ አዝዟቸው፣ ሳይደርሱ ጥሏቸው ሄዷል። በዚህ ምስክርነት ሥራቸውን አጡ። ኪንግ ስላበረታቷቸው ወይዘሮ ጆርጂያ በቤታቸው ምግብ መሸጥ ጀመሩ። የትግሉ መሪዎችም ምሳቸውን እየበሉ የሚመክሩት በዚያው ገበታ ዙሪያ ሆነ።

አድማው 381 ቀን ቆየ። የአውቶቡሱን የዘር መድልዎ በፍርድ ቤት የረታውም የአራት ጥቁር ሴቶች ክስ ነው፦ የኦሬሊያ ብራውደር፣ የሱዚ ማክዶናልድ፣ የክላውዴት ኮልቪንና የሜሪ ሉዊስ ስሚዝ። ኮልቪን ከሮዛ ፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድመው፣ ገና በ15 ዓመታቸው፣ ከመቀመጫዬ አልነሳም ብለው ታስረዋል።

ከዚህ ትግል የተወለደው ንቅናቄ የአሜሪካን ሕግ ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው፤ ለአፍሪካውያን ጠባብ የነበረውን በር ከፍቷል። ዛሬ በዋሽንግተንና በአትላንታ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የእነዚህ ሴቶች ባለዕዳዎች ነን።

ወይዘሮ ጆርጂያ ያረፉት እ.ኤ.አ. በማርች 1990 ነው። ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ለተደረገው የሰልማ ሰልፍ 25ኛ ዓመት መታሰቢያ ያዘጋጁትን ምግብ ለቀብራቸው የመጣው እንግዳ በላው። እናንተም የማኅበራችሁን ታሪክ ስትጽፉ የሊቀመንበሩን ስም ብቻ አታስፍሩ፤ ወጥ ቤት ገብታችሁ የሴቶቹንም ስም ጠይቁ።