ስድስት ቡሎን ተፈትቶ ሶስት ሲመለስ

ነገሩ በድምፅ ነው የጀመረው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከለቡ ወደ ሳር ቤት እየሄድኩ ጀርመን አደባባይ አካባቢ መንገድ ላይ የተኛ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ያን ያህል ጥልቅ አልነበረም፤ ሌሎቹም መኪኖች እያለፉበት ነው። እንደወጣሁ ግን ከኮፈኑ ስር ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት የሚጮህ ነገር ተነሳ። የፊት መብራቱ ደከም አለ፣ ቀይዋ የባትሪ ምልክት በራች፣ ከዚያ ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። ቢበዛ አስር ሰከንድ ቢሆን ነው።

አስር ሰከንድ ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። ከኋላዬ ግን በላስቲክ የተጠቀለለ 200 እንጀራ ነበር። እናቴ በሳምንት ሶስት ቀን ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች፤ አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤታችንን የያዘው ይሄ እንጀራ ነው። እንጀራውን የያዘችው ደግሞ በእድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ፣ የ2002 ሞዴል ቪትዝ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ ቢሆንማ አዲስ በሆነች!)። እሷ አንድ ጠዋት መንገድ ላይ ብትቆም ምግብ ቤቱ ከሌላ ሰው ይገዛል። ነገም ከዚያው ሰው ይገዛል።

ቤት ስመለስ ስልኬን መብራት አድርጌ ከስር አየሁ። ቪትዝ ሞተሯ ስር በቀኝና በግራ ሁለት ጥቁር የፕላስቲክ ሽፋኖች አሏት፣ ማለትም ሊኖሯት ይገባል። የግራው የለም። የቀኙ ተሰንጥቆ፣ በአንድ በኩል በሽቦ ታስሮ፣ በሌላው በኩል እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ተንጠልጥሏል።

ይቺ ሽፋን ምን ትሰራለች? እኔም እስከዚያ ቀን ጌጥ ነገር ትመስለኝ ነበር። በዚህ መኪና ላይ ሞተሩ በአግድም የተቀመጠ ስለሆነ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ከቀኝ ጎማው ጀርባ፣ ወደ መሬት ቀረብ ብሎ ነው ያለው። ጎማው የሚረጨው ውሃና ጭቃ በቀጥታ እሱ ላይ እንዳያርፍ የሚከለክለው ያ ፕላስቲክ ነው። ቺንጋ ሲረጥብ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይጮሃል፣ ዲናሞውም በደንብ ስለማይዞር መብራቱ ይደክማል። የሰማሁት ጩኸት እሱ ነው። ውሃ ብቻ ቢሆን ደርቆ ያልፋል። ከውሃው ጋር የሚገባው አሸዋ ግን ቺንጋውን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ የሚያዞራቸውንም ነገሮች ኩሽኔታ ያበላሻል። ከዚያም በላይ ከፊት የሚገባው አየር በየቦታው ከመበተን ይልቅ በራዲያተሩ እንዲያልፍ ያግዛል። የተንጠለጠለ ሽፋን ደግሞ ከነጭራሹ ከሌለው ይብሳል፤ እየሄዳችሁ ተቀዶ ጎማ ስር ሊገባ ይችላል።

አባዬን «ማን ነው በሽቦ ያሰረው?» ስለው ኮራ ብሎ «እኔ ነኛ!» አለ። «የኦይል ልጆቹ ቡሎኑን ሳይመልሱት እየቀሩ ምን ላድርግ?»

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ሊውል ነው። ይቺን ፕላስቲክ የሚገድላት ጉድጓድና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ብቻ ይመስለን ነበር። እነሱም ድርሻ አላቸው። በእኛ መኪና ላይ ግን ዋናው ገዳይ የኦይል ቅየራ ነው። ኦይል የሚቀይረው ልጅ ሽፋኑን ይፈታል፤ ስድስት ቡሎንና ክሊፕ ያወጣል። ሲመልስ አንዷ ክሊፕ ተሰብራለች፣ አንዱ ቡሎን ጥርሱ ተበልቷል፣ ሌላው የት እንደገባ አይታወቅም፤ ከኋላው ሶስት መኪና ተሰልፏል። ሶስቱን አስሮ ይሸኛችኋል። እናንተ ከስር አታዩም። በሶስት ቡሎን የተያዘ ፕላስቲክ ይርገበገባል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከስድስት ወር በኋላ ይሰነጠቃል። ክፍል ውስጥ «የውክልና ችግር» እያልን የተማርነው ይሄው ነው፤ ስራውን የሚሰራው ሌላ፣ ኪሳራውን የሚከፍለው ሌላ፣ መሃል ላይ ደግሞ የማይታይ ነገር። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። አንዷን ክሊፕ ለመፈለግ የሚያጠፋውን ደቂቃ ማንም አይከፍለውም።

«አዲስ መኪና ግዙ» የሚል ካለ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ መንግሥት በ2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ ዋጋ ይተመን ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ አሮጌ መኪናም መለዋወጫም በየወሩ ዋጋው ሌላ ነው። የኤሌክትሪኩ ጥሩ ነው፣ አይቻለሁ፣ ተመኝቻለሁ። ለእኛ ግን ያለን ቪትዟ ናት፤ እሷን ማቆየት ነው።

የሰፈራችን በያጅ ሲሰማ «ላሜራ ልስራልሽ፣ የልጅ ልጅሽ ይነዳዋል» አለኝ። ብዙ ሰው ያሰራል፤ ገጠር መንገድ ለሚሄድ ሰው፣ ኮፓውን ድንጋይ እንዳይመታው፣ ተገቢ ነው። ለእኛ ግን አልመሰለኝም። ብረቱ ይከብዳል፣ አየር ማለፊያ ካልተተወለት ሙቀት ያፍናል፣ የኦይል መውረጃ ቀዳዳ ካልተበጀለት በየቅየራው ሙሉውን ማውረድ ነው፣ አንድ ቡሎን ሲላላ ደግሞ ጆሮ አያስቀምጥም። የተሰነጠቀውንስ መጠገን? ሞክሬያለሁ። ሱፐር ግሉ ይሄን ዓይነት ፕላስቲክ አይዘውም፤ በማግስቱ ተላቆ ይጠብቃችኋል። የሚሻለው ስንጥቁን ግራና ቀኝ በጋለ ምስማር በስቶ በኬብል ማሰሪያ እንደ ጫማ መስፋት ነው። ቀዳዳዎቹ ደህና ለሆኑ ሽፋን ያስኬዳል። የእኛ ግን የሚሰፋ ነገር አልተረፈውም።

ስለዚህ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። የመጀመሪያው ልጅ «እህቴ፣ ቪትዝ ነው ያሪስ? አንድ ሺ ነው አንድ ሺ ሶስት መቶ?» ብሎ ገና ከበሩ አፋጠጠኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተመሳሳይ የሚመስሉ መኪኖች ሽፋናቸው በቀዳዳ ቦታ ይለያያል። የቤት ስራዬን ሰርቼ ስለሄድኩ አሮጌውን ሽፋን በፌስታል ይዤ ነበር። ይሄን አትርሱ፤ የተሰባበረም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀዳዳ ከቀዳዳ አመሳክሩ። ኦርጂናሉ ጀርባ ላይ ቁጥር ይገኛል። በብዙ ቶዮታዎች 51441 ብሎ የሚጀምረው የቀኝ፣ 51442 የሚለው የግራ ነው። ቀኝና ግራ የሚባለው ሹፌሩ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲያይ ነው፤ እኔ መኪናዋን ፊት ለፊት ቆሜ እያየሁ ሁለት ቀኝ ገዝቼ ልመጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ከሌላ መኪና የወረደ ኦርጂናልና አዲስ ኮፒ ቀረበልኝ። ኮፒው ያብረቀርቃል፣ ግን በሁለት እጄ ይዤ ስጠመዝዘው እንደ ብስኩት ተንቃቃ። የወረደው ጭቃ የበላው ነው፣ ግን ይተጣጠፋል። የወረደውን ወሰድኩ። ሁለቱን 4,500 ብሎ ጠርቶ በ3,200 ተስማማን፤ አስራ ሁለት አዲስ ክሊፕና የ10 ቁልፍ የሚይዛቸው አጫጭር ቡሎኖችም ጨመርኩ። በክሊፕ አትሰስቱ። አሮጌዋን መልሶ መጠቀም ነው ሁሉንም ነገር የሚያበላሸው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ጀመርኩ። ሞተሩ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ እዚያው አፍንጫችሁ ስር ነው። የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ታኮ አደረግኩ። መሪውን እስከ መጨረሻው ማዞር አንድ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ከጎማው ጀርባ ያሉት ሁለት ቡሎኖች መኪናዋ ሳትነሳም ይደረሳሉ። ለቀሩት ግን ማንሳት ግድ ነው። ክሪኩን ከፊት ጎማው ኋላ፣ በሩ ስር ባለው ጠንካራ ጠርዝ ላይ ደግፌ አነሳሁ።

አባዬ በርጩማው ላይ ሆኖ ቡናውን እየጠጣ ያያል። «ጎማውን ፍቺና ከስሯ አስተኚው» አለኝ።

«አባዬ፣ አስር ደቂቃ ነው እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ ፍቺ አልኩሽ!»

እየተነጫነጭኩ ፈታሁና ጎማውን ከበሩ ጠርዝ ስር አስተኛሁት። ጀርባዬን ካርቶን ላይ አድርጌ ቀኝ እጄን እስከ ትከሻዬ አስገባሁ፤ ጭንቅላቴን ገና አላስገባሁም ነበር። የመጀመሪያው ቡሎን ዝጎ እምቢ አለ። ቁልፉን በኃይል ሳብኩት። አንዴ፣ ሁለቴ። በሶስተኛው ከግቢው ኮብልስቶን አንዱ ድንጋይ ዝናብ ካራሰው አፈር ውስጥ ሰመጠ፣ ክሪኩ ዘመመ፣ መኪናዋም «ዷ» ብላ ወረደች።

ጎማው ላይ አረፈች።

እጄን አወጣሁ። ክርኔ ላይ ትንሽ ጭረት አለ፣ ሌላ ምንም። አባዬ ቡናውን መሬት ላይ ደፍቶታል። አልተቆጣኝም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ዝም ብሎ ክሪኩን አነሳና ወደ ቤት ይዞት ገባ። የዚያን ቀን ስራ አለቀ። ለእናቴ አልነገርናትም፤ ይሄን ካነበበች አሁን ሰማች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጎረቤታችን መካኒክ ሁለት የብረት ስታንድ ተዋስኩ። ክሪኩ ስር ወፍራም ጣውላ አነጠፍኩ፣ መኪናዋን አንስቼ ስታንዱ ላይ አሳረፍኳት፣ ጎማውንም ከስር አስተኛሁት። ከዚያ ከመግባቴ በፊት በእጄ ገፋ ገፋ አደረግኳት። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ከስር ተኝቶ ለመስራት አይደለም። እናንተ ስታንድ ካላገኛችሁ ሽፋኑ ሌላ ቅዳሜ ይጠብቅ፤ ወይ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ሂዱና አጠገቡ ቆማችሁ አሰሩ።

የዛገውን ቡሎን ከማታው ጀምሬ ናፍጣ እያጠጣሁት ስለነበር ወጣ። ክሊፖቹን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ መሃሏን ቀድማችሁ ስታነሷት ነው የምትወጣው፤ ዝም ብላችሁ ከሳባችኋት ትሰበራለች። አሮጌው ሽፋን ሲወርድ አንድ ኩባያ የሚሞላ ጭቃ፣ የማስቲካ ወረቀትና ጥቁር የኦይል እርጥበት አብሮ ወረደ። እርጥበቱን ተከትዬ ሳየው ከኮፓው ማውረጃ ቡሎን ነው፤ የብረት ማጠቢያዋ ሳትቀየር ብዙ ጊዜ ታስራለች። ስንት ወር ሲንጠባጠብ ሽፋኑ እየያዘ ደብቆናል፤ መሬት ላይ ጠብታ አይተን አናውቅም። አዲሷ ማጠቢያ ለቀጣዩ ኦይል ቅየራ ተገዝታ ተቀመጠች።

መግጠሙ ከመፍታቱ ይቀላል። አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ ሁሉንም ቡሎን መጀመሪያ በእጅ ሁለት ሁለት ዙር አስይዙ፣ ከዚያ ነው ማጥበቅ። አንዱን ጨርሳችሁ ካጠበቃችሁ ሌላው ቀዳዳ አይገጥምም፣ ታስገድዱታላችሁ፣ ጥርሱ ይበላል። የፊተኛው ጠርዝ ከፓራውልቱ የታችኛው ከንፈር በላይ መግባት አለበት፤ ከስር ከቀረ ነፋስ እንደ ማንኪያ ይዞ ይቀደዋል። ፕላስቲክ ስለሆነ በኃይል አታጥብቁት። በስታንድ ላይ እያለች ቺንጋውና የጭስ ማውጫው አጠገብ ምንም እንደማይነካ በእጄ ዳሰስኩ፣ ጨርቅም ረስቼ እንዳልሆነ አየሁ፤ ኦይል የነካው ጨርቅ እዚያ ቢቀር እሳት ነው። የቀኙ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የግራው አርባ ደቂቃ።

ሰኞ ዝናቡ ለጉድ ነበር። ያው ውሃ ውስጥ ቀስ ብዬ ገባሁ፣ ሬዲዮውን ዘግቼ፣ ጆሮዬን አቁሜ። የውሃው ድምፅ ከስር ዷ ዷ ይላል፣ ፕላስቲኩ ላይ። ጩኸት የለም፣ ቀይ መብራት የለም። እንጀራው በሰዓቱ ገባ።

ባለፈው ሳምንት ኦይል ልናስቀይር ከአባዬ ጋር ሄድን። ማጠቢያዋንና አምስት ትርፍ ክሊፕ በትንሽ ፌስታል ይዣለሁ። ልጁ ሲፈታ ቆሜ ቆጠርኩ፣ ሲመልስም ቆጠርኩ። አባዬ «ተያት፣ ቡሎን ቆጣሪ ሆናለች» ብሎ ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ። አምስት ላይ ደርሶ እጁን ሊጠርግ ሲል «ስድስተኛው?» አልኩት። ዞር ዞር ብሎ ፈለገው። ጎማው አጠገብ፣ የእኔ ጫማ ስር ነበር።