በጓዳችን ያለ የማይታይ ተሐዋሲ



በበዓል ቀን ቁርጡና ክትፎው ሲቀርብ እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ኮሶን ብናስታውስም መድኃኒት አለው ብለን እንጽናናለን። ነገር ግን በጥሬ ሥጋ ውስጥ፣ ይበልጡን በበግና በፍየል ሥጋ፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሐዋሲ ሊኖር ይችላል። ሚጥሚጣም ሆነ አረቄ አይገድለውም፤ የሚገድለው እሳት ነው።

የተሐዋሲው ዘር የሚፈጠረው በድመት አንጀት ውስጥ ነው። ድመት አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ በልታ ስትያዝ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ያህል ዘሩን ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣለች። ዘሩ ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይኖራል። ወደ ሰውም ባልታጠበ ሰላጣ፣ ባልፈላ ውኃና አፈር በነካ እጅ ይደርሳል። ይህን ሰምቶ ድመቷን ለማባረር የሚነሣ አይጠፋም። እህላችንን ከአይጥ የምትጠብቅ እርሷ ስለሆነች ይህን አንመክርም። ጥሬ ሳንባ አትጣሉላት፤ ዓይነ ምድሯን በየቀኑ ጠርጋችሁ ቅበሩ፤ ይህንንም ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው ይሥራው።

በአገራችን የተደረጉትን የደም ምርመራዎች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ ከተመረመሩት ከ4 ሰዎች 3ቱ ያህል ተሐዋሲው እንደያዛቸው ገልጧል። አብዛኞቹ ሕመም አይሰማቸውም። ከማርገዟ በፊት የተያዘች ሴት ሰውነቷ የመከላከያ ኃይል ስላበጀ ፅንሷ ብዙውን ጊዜ ይጠበቃል። የሚያሰጋው ለአራተኛዋ፣ ገና ላልተያዘችው ነው። በእርግዝናዋ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ተሐዋሲው ወደ ፅንሱ ሊያልፍና ውርጃ፣ የዓይን ጉዳት ወይም በሕፃኑ ጭንቅላት ውስጥ ውኃ መቋጠር ሊያስከትል ይችላል። ማን የተያዘች፣ ማን ያልተያዘች እንደሆነች ያለ ደም ምርመራ ስለማይለይ፣ የእናቶች ክትትል በሚደረግበት ቀን ምክሩን ለሁሉም ንገሩ። ፅንስ የወረደባትን እህት ግን «ድመትሽ ናት ያመጣችብሽ» አትበሏት፤ ለውርጃ ሌላም ብዙ ምክንያት አለና።

ሌላው ሥጋት ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለባቸው ወገኖች ነው። ተሐዋሲው በአንጎል ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነሣል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ መውሰዳቸው፣ ሐኪም ያዘዘላቸውም ኮትሪሞክሳዞልን መጨመራቸው ከዚህ ይጠብቃቸዋል። ከእነርሱ አንዱ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የንግግር መዘበራረቅ ወይም የአንድ ወገን መዛል ከታየበት፣ በጸሎት እያሰባችሁት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል አድርሱት።