በድርቅ ጊዜ ፈቃድ ያላቸውን መድኃኒት ቤቶች ለይቶ ስለማወቅ
ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ላለው ደጋ የተዘጋጀ ማብራሪያ

ድርቅ በደረሰበት አካባቢ የተጎጂው ወገን ስም ሲመዘገብ አስቀድሞ የሚታሰበው የእህል ጉዳይ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. በወሎ ከደረሰው ረሀብ የተገኘው ትምህርት እንደሚያስረዳው፣ ብዙ ሕይወት ያለፈው በምግብ እጦት ብቻ አልነበረም። ረሀብ ባደከመው ሰውነት ላይ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ተስቦና ግርሻ ተጨምረውበት ነው። በመሆኑም እህል የሚያድለው ሠራተኛ መድኃኒት ከየት እንደሚገኝም አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ በአንድ አካባቢ የሚገኙ ሕጋዊ መድኃኒት ቤቶች እንዴት ተለይተው እንደሚታወቁ፣ ስማቸው የሰፈረበት መዝገብ ምን እንደሚገልጽና ምን እንደማይገልጽ ያብራራል።

የአካባቢው ሁኔታ

የለጋምቦ ወረዳ ከተማ የሆነችው አቀስታ የምትገኘው በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱ ከፍታ የሚያልፈው መንገድ አቀስታን አቋርጦ የቦረና ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ወደ መካነ ሰላም ይዘልቃል። ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ያለው ርቀት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የለጋምቦ ደገኛ ገበሬ ኑሮ በአብዛኛው የተመሠረተው በበልግ ዝናብ ላይ ሲሆን፣ በልግ በቀረበት ዓመት ችግሩ የሚብሰው የመኸሩ ምርት ከመድረሱ በፊት ባሉት የክረምት ወራት ነው። እነዚህ ወራት ደግሞ ጭቃው የሚበረታባቸው፣ ወንዙ የሚሞላባቸው፣ ብርዱም ሰውን በአንድ ጣራ ሥር የሚያጨናንቅባቸው ናቸው። መጨናነቁ የልብስ ቅማልን ያራባል፤ ቅማሉም ተስቦንና ግርሻን ያዛምታል። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርዱት የቦረና፣ የወግዲና የከላላ ቆላዎች ደግሞ የወባ በሽታ አለ። ስለዚህ በዚሁ አንድ አካባቢ ደጋው የሚፈልገው መድኃኒትና ቆላው የሚፈልገው መድኃኒት የተለያየ ነው።

የመድኃኒት ቤቶች ደረጃ

በኢትዮጵያ በችርቻሮ መድኃኒት የሚሸጡ ቤቶች በሦስት ደረጃ ተከፍለው ቆይተዋል። የመጀመሪያው ፋርማሲ ሲሆን፣ ኃላፊው በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሠለጠነ ፋርማሲስት ነው። ሁለተኛው የመድኃኒት መደብር ሲሆን የሚመራው በመካከለኛ ደረጃ በሠለጠነ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። ሦስተኛው የገጠር መድኃኒት ቤት ሲሆን፣ የተፈቀዱለት መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው፤ የሚያገለግለውም ከፍ ያለው ደረጃ ባልደረሰበት ሥፍራ ነው። ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ቤቱ ሊይዝ የሚችለው የመድኃኒት ዓይነትም ያንሳል። በመሆኑም «በዚህች ከተማ መድኃኒት ቤት አለ» የሚለው አነጋገር ብቻውን በቂ አይደለም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የሚወስደው ፌኖባርቢታል ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ በሁሉም ቤት አይገኝም። ሕመምተኛው መድኃኒቱን በድንገት ቢያቋርጥ በሽታው በከባድ ሁኔታ ሊነሣበትና ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ከግል ቤቶች ሌላ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡም አሉ። በ1928 ዓ.ም. ዋዜማ፣ ማለትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በልዩ ልዩ ከተሞች መድኃኒት ቤቶች ያካሂዳል። በአዲስ አበባ የሚታወቁት የከነማ መድኃኒት ቤቶችም ስማቸውን ያገኙት ከከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነው። በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች ውስጥ ያሉት ክፍሎች ደግሞ የጤና ድርጅቱ አካል ናቸው። በየቀበሌው የሚገኘው ጤና ኬላ መድኃኒት ቤት ባይባልም፣ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ለወባ፣ ለተቅማጥና ለመሳሰሉት በሽታዎች የሚያስፈልጉ መሠረታዊ መድኃኒቶችን ለገበሬው የሚያቀርብ የቅርብ በር ሆኗል።

ፈቃድ ሰጪው አካልና መዝገቡ

የመድኃኒት ንግድ በሕግ የሚመራ ሥራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የወጣው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ፣ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 176 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣንን አቋቋመ። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥተዋል። በሥራ ክፍፍሉ መሠረት ፋብሪካዎችን፣ አስመጪዎችንና ጅምላ አከፋፋዮችን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ ባለሥልጣን ሲሆን፣ በክልል ውስጥ የሚገኙት የችርቻሮ ቤቶች የሚታዩት በክልሉ የጤና ተቆጣጣሪ አካል ነው። ይህም ሥራ እስከ ዞንና እስከ ወረዳ ይወርዳል።

ስለሆነም የአንድን አካባቢ መድኃኒት ቤቶች ዝርዝር የሚፈልግ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ደሴ ወደሚገኘው የደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ ነው። የንግድ ፈቃድ ብቻ ማየት አይበቃም፤ የንግድ ፈቃድ የሚያረጋግጠው ነጋዴነትን እንጂ መድኃኒት የማደል ብቃትን አይደለም። የሚፈለገው ከጤናው ተቆጣጣሪ የተሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ነው። በማረጋገጫው ላይ የቤቱ ስም፣ ደረጃው፣ አድራሻውና የኃላፊው ባለሙያ ስም መኖራቸውን፣ ዕድሳቱም ያላለፈ መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል።

መዝገቡ የማይናገረው

መዝገብ የሚገልጸው ፈቃድ የተሰጠበትን ቀን ያለውን ሁኔታ ነው። ቤቱ ዛሬ ክፍት መሆኑን፣ ባለሙያው በሥራ ላይ መገኘቱን፣ የሚፈለገው መድኃኒት በመደርደሪያው ላይ መኖሩን አይገልጽም። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን ባዳረሰበት ጊዜ በደቡብ ወሎ የሚገኙ ብዙ የጤና ድርጅቶች ተዘርፈዋል። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በፊት የተዘጋጀን ዝርዝር ሳያረጋግጡ ተማምኖ ሕመምተኛን መላክ ሰውን በከንቱ ማንከራተት ይሆናል። ከአምባ ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ሌላ አምባ ወጥቶ ከተማ የደረሰ ገበሬ ቤቱን ተዘግቶ ካገኘው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ለመምጣት ጉልበቱም ገንዘቡም አይኖረውም። በድርቅ ዓመት ደግሞ ለመንገድ የሚሆን ስንቅ እንኳ ከቤተሰቡ አፍ የሚነጠቅ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር መድኃኒት ወደ ደጋው የሚደርሰው በሁለት መስመር መሆኑ ነው። የመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በዋናነት የሚያገኙት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲሆን፣ ድርጅቱ በደሴ ቅርንጫፍ አለው። የግል ቤቶች ግን ከግል ጅምላ አከፋፋዮች ይገዛሉ። ስለዚህ በአቀስታ ወይም በመካነ ሰላም ሆስፒታል የታጣ መድኃኒት በከተማው ካለው የግል ቤት ሊገኝ ይችላል፤ የዚህም ተቃራኒ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሁለቱም መስመሮች በአብዛኛው የሚያልፉት በዚያው በደሴ መንገድ ነው። መንገዱ በዝናብ ወይም በጸጥታ ችግር ሲቋረጥ ሁለቱም በአንድነት ሊደርቁ ይችላሉ። የዝርዝሩ አዘጋጅ ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

የዋጋም ጉዳይ አለ። በ2003 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተሁለደሬ፣ በፎገራና በደቡብ አቸፈር ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባሉን በመንግሥት ጤና ድርጅት ያለተጨማሪ ክፍያ እንዲታከም ያስችለዋል። ሆኖም መድኃኒቱ በድርጅቱ ውስጥ ካልተገኘና አባሉ ከግል ቤት እንዲገዛ ከታዘዘ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በሬውን ወይም በጉን አስቀድሞ ለሸጠ ቤተሰብ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ፈቃድ በሌለበት የሚሸጥ መድኃኒት

ሕጋዊው ቤት በራቀ ቁጥር ክፍተቱን የሚሞላው በገበያ ቀን ከጨውና ከሳሙና ጋር ተዘርግቶ የሚሸጠው ክኒን ነው። ይህ መድኃኒት ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ፣ ፀሐይና እርጥበት ያበላሸው ወይም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ሆኖም አደጋው የሚደርሰው መድኃኒቱ ሲበላሽ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው መድኃኒትም ያለባለሙያ ሲወሰድ ሊገድል ይችላል።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው የደጋው በሽታ ግርሻ ነው። ግርሻ በልብስ ቅማል የሚተላለፍ፣ ለቀናት አተኩሶ የሚተውና ተመልሶ የሚያገረሽ ትኩሳት ሲሆን፣ በቴትራሳይክሊን ወይም በፔኒሲሊን ይድናል፤ ብዙውን ጊዜም አንድ መጠን ይበቃዋል። ነገር ግን መድኃኒቱ የበሽታውን ተውሳክ በአንድ ጊዜ ሲያጠፋው፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሰውነት ሙቀት መናርና ቀጥሎም የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ይችላል። በዚያን ሰዓት ሕመምተኛው በጤና ድርጅት ተኝቶ ባለሙያ የሚከታተለው ከሆነ ይተርፋል። ክኒኑን ከገበያ ገዝቶ በመንገድ ላይ የዋጠው ሰው ግን፣ በተለይም በረሀብ የደከመ ከሆነ፣ ቤቱ ሳይደርስ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በግርሻ የተጠረጠረን ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባል። ጥሩ ዝርዝር የትኛው ሕመምተኛ ወደየትኛው በር እንደሚሄድ ጭምር የሚያመለክት ነው።

ሠፈራና የመድኃኒት መቋረጥ

በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1987 ዓ.ም. በሌላ መሥሪያ ቤት እስከተተካ ድረስ ያለፈበት የሥራ ልምድ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሕዝብ ድርቅ ካጠቃቸው አካባቢዎች ተነሥቶ በመተከል፣ በአሶሳ፣ በጋምቤላ፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በከፋ እንዲሠፍር ተደርጓል። ከዚህም ውስጥ ታላቁን ድርሻ የያዘው የወሎ ሕዝብ ነበር። በደጋ ተወልዶ ያደገው ገበሬ ወባን የመቋቋም አቅም ስላልነበረው በቆላው የሠፈራ ጣቢያ በሽታው ክፉኛ አጠቃው። የፓዌን ሆስፒታል የመሳሰሉ ተቋማት የተደራጁት ሰው ከሠፈረ በኋላ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ወደ አዲስ ሥፍራ ከመጓዙ በፊት የመድኃኒቱ በር የት እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ይህ ለዛሬው ተፈናቃይም ይሠራል። የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊኑን፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ለስድስት ወር የሚወስደውን መድኃኒት፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም ክኒኑን ከየት እንደሚቀጥል ሳይነገረው ከቀዬው መነሣት አይገባውም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ድርጅት በነፃ ስለሚሰጥ በግል ቤት ሊፈለግ አይገባም።

ዝርዝሩ እንዴት ይዘጋጅ

ዝርዝሩ የሚዘጋጀው በልጉ መቅረቱ እንደታወቀ፣ ክረምቱ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት ነው። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢካሄድ ይጠቅማል።

1ኛ/ ከወረዳውና ከዞኑ ጤና መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ ያላቸው ቤቶች መዝገብ ከነደረጃቸው ይወሰዳል።

2ኛ/ እያንዳንዱ ቤት በአካል ይጎበኛል፤ ክፍት መሆኑ፣ ባለሙያው መኖሩ፣ የቅዝቃዜ ማስቀመጫ ያለው መሆኑ ይመዘገባል።

3ኛ/ ዋና ዋናዎቹ መድኃኒቶች፣ ማለትም የሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ የሕፃናት ጸረ ተሕዋስያን፣ የወባ፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች መኖራቸው ይጠየቃል።

4ኛ/ ከእያንዳንዱ ቀበሌ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በእግር ጉዞ ሰዓት፣ በበጋና በክረምት ተለይቶ ይጻፋል።

5ኛ/ ዝርዝሩ በአማርኛ ተጽፎ በእህል ማደያ ጣቢያ፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤትና በጤና ኬላ ይለጠፋል፤ ማንበብ ለማይችለውም በቃል ይነገራል። በየወሩም እንደገና ይጣራል።

የዕርዳታ ድርጅቶችም ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። አንድ ድርጅት ለጣቢያው የሚሆን መድኃኒት ከከተማው ብቸኛ ችርቻሮ ቤት በብዛት ቢገዛ፣ የከተማውንና የገጠሩን ሕመምተኛ ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ስለዚህ ግዥው ፈቃድ ካለው ጅምላ አከፋፋይ መሆን ይገባዋል። ለአስቸኳይ ጊዜ የሚውለው ዓለም አቀፍ የመድኃኒት ጥቅል ለ10,000 ሰው ለ3 ወር ያህል እንዲበቃ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። በስጦታ የሚመጣ መድኃኒትም የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በአገሪቱ የተፈቀደና አገር ውስጥ ሲገባ ቢያንስ የአንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ የቀረው እንዲሆን ይጠበቃል።

በአጠቃላይ መድኃኒት ቤት ማወቅ ለጤና ባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። እህል የሚመዝነው፣ ስም የሚመዘግበውና ተፈናቃይ የሚያጓጉዘው ሠራተኛ ሁሉ፣ አንዲት እናት «ልጄን ወዴት ልውሰደው?» ብላ ስትጠይቀው ትክክለኛውን በር ሊያመለክታት ይገባል። መልሱም የሚገኘው ችግሩ ከመድረሱ በፊት ከተዘጋጀውና በየወሩ ከሚጣራው ዝርዝር ነው።