ትንንሽ ዝንቦችን በፎቶግራፍ መለየት

ዝንብ ከንብና ከተርብ የሚለየው አንድ ጥንድ ክንፍ ብቻ ስላለው ነው። የኋላ ጥንዱ በበረራ ጊዜ ሚዛን ወደሚጠብቁ ትንንሽ ዘንጎች ተለውጧል። በኔዘርላንድስ ወደ 5,000 የሚጠጉ የዝንብ ዝርያዎች ይገኛሉ። በሮተርዳም መናፈሻዎች ነፍሳትን የሚከታተሉ ሰዎች ዝንቡን ሳይዙና ሳይገድሉ በስልክ ያነሡታል፤ ከዚያም «ኦብስአይደንቲፋይ» የተባለው መተግበሪያ የዝርያውን ስም ከእርግጠኝነቱ መጠን ጋር ያቀርባል።

ጥሩ ፎቶዎች ዝንቡን ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ያሳያሉ። የክንፍ ሥሮች፣ አንቴናዎች፣ ዓይኖች፣ የደረትና የእግር ጠጉሮች ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ቀኑ፣ ቦታውና ዝንቡ ያረፈበት ተክልም ይመዘገባል።

ይሁንና ፎቶ ሁሉንም አይለይም። ድሮሶፊላ ሱዙኪ የተባለው የፍራፍሬ ዝንብ ወንዱ በየክንፉ ጫፍ አጠገብ ባለው ጥቁር ነጥብ ይታወቃል። ሴቷ ነጥብ ስለሌላት፣ መጋዝ የሚመስለው የእንቁላል መጣያ አካሏ በማጉያ መሣሪያ መታየት አለበት። በብዙ ትንንሽ ዝንቦች ደግሞ ዝርያን የሚለየው የወንዱ መራቢያ አካል ቅርጽ ነው፤ ይህም ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መረጃው በወገን ወይም በአስተኔ ደረጃ ብቻ ይመዘገባል፤ ያልተረጋገጠ የዝርያ ስም መስጠት የዝርያዎችን የስርጭት ካርታ ያዛባል።